ከኒሙ ሥር ያለው ነጭ ድንጋይ

ቤንጋሉሩ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2016

ይድረስ ለአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አባት ሆነው ላሳደጉኝ ለፔሪያፓ ሴንጎዳን፤

እርስዎ እንዳስተማሩኝ በወረቀቱ አናት ላይ የፒላያርን ጥምዝ ምልክት አስቀድሜያለሁ። የዝሆን ራስ ያለው አምላካችን መንገዱን ይጥረግልንና ይህ ደብዳቤ በደህና እጅዎ ይግባ። እኔ ደህና ነኝ። የእርስዎንና የባለቤትዎን የፔሪያማን ደህንነት ለመስማት ግን ጓጉቻለሁ። የፔሪያማ ጉልበት እንዴት ነው? የላክሁት ቅባት ረዳት ወይስ እንደ ልማዷ ለጎረቤት አደለችው?

ስልክ እንዳልደውል ጆሮዎ በድንጋይ መፍጫ ደንቁሯል፤ «ስልክ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ጠጠር የሚፈጭ ይመስለኛል» ይሉ የለ። እኔም ደብዳቤ ደስ ይለኛል። ቀኑን ሙሉ በሰው ቋንቋ ስናገር ውዬ በራሳችን ፊደል ስጽፍ አፌ ቤቱ የገባ ይመስለኛል።

ዛሬ የምጽፈው ግን ለወሬ ብቻ አይደለም። ሥራዬ ጎማ መሞከር እንደሆነ ነግሬዎታለሁ፤ የምን ጎማ እንደሆነ ግን አልነገርኩዎትም። ድርጅታችን ወደ ጨረቃ መንኮራኩር ሊልክ ነው። ሰው የለበትም። ጨረቃ ላይ ሲያርፍ ከሆዱ አንዲት ትንሽ ጋሪ ትወርዳለች። ስድስት የብረት ጎማ አላት፤ ቁመቷ የእርስዎን ጥጃ አታክልም። ያቺ ጋሪ ጨረቃ ላይ ሳትሰምጥ፣ ሳትንሸራተት እንድትሄድ አስቀድማ እዚህ ምድር ላይ መለማመድ አለባት። ለመለማመድ ደግሞ የጨረቃን አፈር የሚመስል አፈር ያስፈልጋታል።

ፔሪያፓ፣ ይቀመጡና ያንብቡ። የድንጋይ ሊቃውንቱ አገሩን ሲያስሱ ከርመው የጨረቃን ድንጋይ ወንድም አገኙት። የት ቢሉ፣ ቬላይፓራይ! የእኛ ነጭ ቋጥኝ! ስብሰባ ላይ የመንደሬን ስም ካርታ ላይ ሳየው እንደ ተማሪ እጄን አወጣሁ። «ያ የፔሪያፓዬ ማሳ ነው!» አልኩ። ሁሉም ሳቁብኝ። አለቃችን ግን አልሳቀም፤ «ይሰጡናል?» አለኝ።

ዘር የማያበቅል፣ ማረሻ የሚሰብር እያሉ ሲረግሙት የኖሩት ምሥራቁ ጥግ፣ የኒም ዛፉ ካለበት ጀምሮ ያለው፣ የሚፈልጉት እሱን ነው። አምስት መኪና ይበቃል። ከላይ የተበተነውን ሳይሆን ከሥር የሚፈለጠውን። መልስዎን እየጠበቅሁ እግርዎን ነክቼ እሰናበታለሁ።

ልጅዎ ሜካላ


ቬላይፓራይ፣ ኤፕሪል 20 ቀን 2016

ለዓይኔ ለሜካላ፤

ፒላያር ይቅደምልን። አሥራ ስድስቱም በረከት አንድም ሳይጎድል ይግባልሽ። እኛ በአምላክ ቸርነት ደህና ነን። ዝናቡ ዘገየ፣ ጥቁሯ ላም ወለደች፣ ቅባቱን ፔሪያማሽ ለጎረቤት አደለችው።

መልሴ እንደዘገየ አውቃለሁ። ፖስተኛው ራካፓን በየሳምንቱ ብስክሌቱን ደጄ ላይ እያቆመ ይነዘንዘኛል። «ሴንጎዳን፣ ልጅቷ ትጠብቃለች እኮ፤ እጅህ ተሰበረ?» ይለኛል። «እጄ ደህና ነው፤ አንተ ምላስህን ጠብቅ» አልኩት። «ምላሴ የመንግሥት ነው» ብሎኝ ሄደ።

ልንገርሽ። ልጅ ሆነሽ ፍየል ኒሙ ላይ እንዳታስሪ ስጮህብሽ ታስታውሺያለሽ። ምክንያቱን አንድም ቀን አልነገርኩሽም። አንቺ ከመወለድሽ ከአራት ዓመት በፊት እኔና ፔሪያማሽ ልጅ ነበረችን። ፓቫይ እንላታለን። አሥራ አንድ ወሯ ነበር። የበሬ ጋሪያችንን ጎማ ይዛ ትቆም ነበር፤ ጋሪው ንቅንቅ ሲል በሳቅ ትንከተከታለች። ዛሬ ነገ ትሄዳለች ብለን ስንጠብቅ፣ ልጅ መራመድ ሲጀምር በዱካው ላይ የሚጣለውንና ለመንደሩ የሚታደለውን የሩዝ ድቡልቡል ልትሠራ ፔሪያማሽ ሩዙን ነከረች። በዚያው ቀን ትኩሳት ያዛት። በሦስተኛው ቀን በፔሪያማሽ በናላማል ሳሪ ጠቅልዬ እኔው ቀበርኳት፤ ሕፃን እንደ አዋቂ ሙት አይቃጠልምና። ስም አልጻፍኩም፣ ምልክት አላቆምኩም፤ በላይዋ አንድ የኒም ችግኝ ተከልኩ። ሩዙ እንደተነከረ ቀረ።

ስለዚህ ምሥራቁን ጥግ አልሰጥም። ለጨረቃም ቢሆን አልሰጥም። እዚያ መዶሻ ከሚያርፍ እኔ ላይ ይረፍ።

ግን ባዶ እጅሽን አልመልስሽም። በስተምዕራብ ወንዙ ዳር ያለውን ውሰዱ፤ እሱም ነጭ ነው። ድንጋይ ድንጋይ ነው። አርባ ዓመት ድንጋይ ፈልጬ የበላሁ ሰው ነኝና እመኚኝ። መነጽሬ ተሰብሯል፤ ስትመጪ ወይም ሰው ስታገኚ ብትልኪልኝ።

ፔሪያፓሽ ሴንጎዳን


ቤንጋሉሩ፣ ኖቬምበር 5 ቀን 2017

ለውድ ፔሪያፓዬ፤

ፒላያር ከፊታችን ይሁን። ለእርስዎ፣ ለፔሪያማ፣ ለጥቁሯ ላም ሳይቀር እጅ እነሳለሁ። መነጽሩን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ለራካፓን እንዳያውሱት፤ የሰውን ደብዳቤ ሁሉ ያነብበታል።

ስለ ፓቫይ የጻፉልኝን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርዎትም። ቤታችሁ አሥር ዓመት ስኖር፣ ፔሪያማ በየዓመቱ አንድ ቀን ሩዝ በአፏ ሳይዞር የምትውለው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ለካ እህት ነበረችኝ።

ድንጋዩ ደርሶ ተፈጭቷል። የምንሠራበትን አዳራሽ ቢያዩት! መስኮት የለውም፤ ግድግዳው ጥቁር ነው። አንድ ጥግ ላይ አንድ ትልቅ መብራት ብቻ ይበራል። እሱ ፀሐያችን ነው። ከፊቱ የማሳችን አፈር ተነጥፏል፤ ጉድጓድ አለው፣ ጉብታ አለው። ጨረቃ ላይ ነገር ሁሉ ስለሚቀል ጋሪዋን ከላይ በገመድ አንጠልጥለን ክብደቷን እናቀልላታለን፤ ሕፃን ብብቱን ይዘው እንደሚያለማምዱት። መብራቱ ሲበራ ጥላዎቹ ይረዝማሉ፤ ጎማዎቹ አፈሩን ሲነኩ ኮሽታ እንኳ የለም። በሩ ላይ ቆሜ የት እንዳለሁ ይጠፋኛል። ጨረቃ ላይ ነኝ? ወይስ ከፍየሎቼ ጋር ማሳችን ላይ ነኝ? መጀመሪያ ቀን ብናኙ አስነጠሰኝ። ሽታው የቤታችን ሽታ ነበር። አለቀስኩ፤ ሰዎቹን አለርጂ ነው አልኳቸው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ጋሪዋ በአፈሩ ላይ እንደ ልቧ ነው የምትሄደው። የሥራ ባልደረባዬ «የመንደርሽ አፈር ቅቤ ነው እንዴ? ጨረቃም እንዲህ ከተመቸችን በባዶ እግራችን እንሄዳለን» እያለ ይቀልድብኛል። የጨረቃ አፈር ግን ሹል ነው ይላሉ፤ ዝናብም ነፋስም ስለሌለ የሞረደው ነገር የለም። የወንዙ ዳር ድንጋይ ከምሥራቁ ጋር አንድ ነው ብለውኝ ነበር። እርግጠኛ ነዎት?

ልጅዎ ሜካላ


ቬላይፓራይ፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን 2019

ለዓይኔ ለሜካላ፤

ፒላያር ይቅደምልን፤ ትናንት ደግሞ የእሱ በዓል ነበርና ዘንድሮ እኛን አስቀድሞ ሳይሰማን አይቀርም። እኛ ደህና ነን። ሦስተኛዋም ላም ወለደች። ጉድጓዱ ግማሽ ድረስ ሞልቷል።

መንኮራኩሩ ከተነሣ ወዲህ ሰላሜን ነሥተውኛል። ሻይ ቤት ስገባ «ተነሡ፣ ተነሡ፣ የጨረቃው ባለርስት መጣ!» ይላሉ። ራካፓን ደግሞ «ግብር የምትከፍለው ለማን ነው? ለዚህኛው ወረዳ ወይስ ለላይኛው?» ይለኛል። እኔም ደረቴን ነፋ አድርጌ ሻዬን እጠጣለሁ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ ብሎኛል።

አንድ ጥፋት ግን አጥፍቻለሁ። ትናንት በበዓሉ፣ አዲስ ጨረቃ በገባች በአራተኛው ቀን፣ ቀና ብዬ ጨረቃን አየኋት። አውቃለሁ፣ ቀና አይባልም። ግን ቀጭን ሆና ከዘንባባው በላይ ስትታይ፣ የእኛ ነገር ወደዚያ እየሄደ መሆኑ ትዝ አለኝና ዓይኔ አመለጠኝ። ፔሪያማሽ አየችኝ።

«አንተ ሰውዬ! ዛሬ ቀና ይባላል? ባልሠራኸው ልትከሰስ!»

«ማን ይከሰኛል? ድንጋዩ?»

«ሳቅ! ሳቅ! ያኔ ምስክር ሁኚ እንዳትለኝ!»

ከዚያ እሷም በሻርፗ ውስጥ አጮልቃ አየቻት፤ እንዳላየ ሆንኩ።

በአራት ቀን ውስጥ ያርፋል አይደል? ያቺ ጋሪ ሹል ነገር ላይ ብትወጣ ጎማዋ ይችላል? እንዲያው ነው የጠየቅሁት።

ፔሪያፓሽ ሴንጎዳን


ቤንጋሉሩ፣ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2019

ለውድ ፔሪያፓዬ፤

ሰምተዋል። ለእርስዎና ለፔሪያማ ጤና እየጸለይኩ፣ ሌላ ምን እንደምጽፍ አላውቅም።

መንኮራኩሩ በደህና እየወረደ ነበር። ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ድምፁ ጠፋ። አዳራሹ ውስጥ ሁላችንም ቆመን ስክሪኑን እናያለን፤ ማንም ተቀመጥ አይልም፣ ማንም አይቀመጥም። ተከስክሷል። ምክንያቱን ገና አላወቅንም። እኔ ያስለመድኳት ጋሪ እዚያ ላይ አለች፤ እንዴት ሆና እንዳለች አላውቅም። የዛሬው ይብቃኝ። እባክዎ ቶሎ ይጻፉልኝ።

ሜካላ


ቤንጋሉሩ፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 2020

ፔሪያፓ፣ ፒላያር ይጠብቅዎ። አራት ወር ሆነ። ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ። በጎረቤት ስልክ ፔሪያማን ሳገኛት «ደህና ነው፤ በጠዋት ወጥቶ ኒሙ ሥር ይቀመጣል፤ ሻይ ቤት ቀርቷል» አለችኝ። ምን አደረግሁዎ? ስለ ላሟም ቢሆን ይጻፉልኝ።

ሜካላ


ቬላይፓራይ፣ ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2020

ሜካላ፤

ወረቀቱ አናት ላይ ምልክቱ የለም። አልረሳሁትም። ሦስት ጊዜ ልሠራው ጀምሬ እጄ እምቢ አለኝ። አንቺ ምንም አላደረግሽም። ያደረግሁት እኔ ነኝ።

በአራተኛው ቀን ጨረቃን ያየ ባልሠራው ይከሰሳል ይላሉ። እኔን ማንም አልከሰሰኝም። እኔ ግን ሠርቻለሁ።

ወንዝ ዳር ያለ ድንጋይ ውሃ ሲልሰው የኖረ ድንጋይ ነው። ልቡ ላሽቋል። ሲፈጭ ዱቄቱ ክብ ክብ ነው፤ እግር ይቀበላል፣ አይቆርጥም። የምሥራቁ ግን ትኩስ ነው፤ ከሥር ሲፈለጥ ጠርዙ ጣት ይበጣል። ይህን የእኔ ቢጤ ፈላጭ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ አሽቶ ያውቀዋል። እኔም አውቅ ነበር። «ድንጋይ ድንጋይ ነው» ብዬ ስጽፍልሽ አውቅ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር የሚል ሰው ባገኝ መዶሻውን ቀምቼ የማባርር ሰው ነበርኩ።

ከዚያ ጠየቅሽኝ። እርግጠኛ ነዎት አልሽኝ። ስለ ላም ጻፍኩልሽ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ላምና ስለ ዝናብ ጻፍኩልሽ።

ያቺን ጋሪ በሐሰት አፈር ላይ አለማምጄ ነው እውነተኛው ላይ የጣልኳት። የልጄን ዕረፍት ልጠብቅ ብዬ ያንቺን ልጅ ገደልኩ። የአገር ሰው በሙሉ ሲያለቅስ በሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን አይቻለሁ። ራካፓን እንኳ አልቀለደም፤ ትከሻዬን ነክቶኝ ሄደ። ያኔ ነው የባሰብኝ።

ለፔሪያማሽ አልነገርኳትም።

ሴንጎዳን


ቤንጋሉሩ፣ ማርች 15 ቀን 2020

ለውድ፣ ለውድ ፔሪያፓዬ፤

ፒላያርን በሁለታችንም ፈንታ እኔ አስቀምጬዋለሁ፤ ከላይ ይመልከቱ፣ ሁለት ምልክት ነው። የእርስዎና የእኔ።

በደንብ ያንብቡ። አዲሱን መነጽር ያድርጉ። መንኮራኩሩ የተከሰከሰው ሲወርድ ፍጥነቱን መግታት አቅቶት ነው። ጋሪዋ ከሆዱ አልወጣችም። ጎማዋ ሹልም ለስላሳም አፈር አልነካም። የእርስዎ ድንጋይ ምንም አላደረገም። ስለዚህ ባልሠሩት ተከሰዋል፤ ከሳሹም እርስዎ ራስዎ ነዎት። ፔሪያማ ልክ ነበረች!

አሁን ደግሞ እኔ ልናዘዝ። አፈሩን በማጉያ ያየሁት በመጣ በሳምንቱ ነው። ክብ ነበር። ለአለቃዬ መንገር ነበረብኝ። ብነግር ወደ ምሥራቁ ጥግ እንደሚመጡ ስለማውቅ ዝም አልኩ። እርግጠኛ ነዎት ብዬ የጠየቅሁዎ እውነቱ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ሸክሙን እርስዎ ላይ ልጥል ነበር። ይቅር ይበሉኝ። ሁለታችንም አንድ ኒም ስንጠብቅ ኖርን፤ አንዳችን ለሌላችን ሳንናገር።

ባለፈው ሳምንት ለአለቃዬ ሁሉንም ነገርኩት። ተቆጣ። ከዚያ «ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነበር?» አለኝ። «አሥራ አንድ ወሯ» አልኩት። ወደ ሥራሽ ተመለሺ አለኝ።

እንደገና ልንሞክር ነው። አዲስ ጋሪ ይሠራል። ሹል ድንጋይ ያለበት ሌላ ቦታ እየፈለጉ ነው፤ ካልተገኘ ባለን እንለማመዳለን። እኔ አልጠይቅዎትም። ይህን ይወቁልኝ፤ ዳግመኛ አልጠይቅዎትም።

ልጅዎ ሜካላ


ቬላይፓራይ፣ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2021

ለዓይኔ ለሜካላ፤

ፒላያር ይቅደምልን። ምልክቱን አድርጌዋለሁ፤ ትንሽ ጠመም ብሏል፣ እጄ ስለቆሰለ ነው። በሽታው አገሩን ዘግቶ ፖስታውም ቆሞ ስለነበር ዘገየሁ። ራካፓን አፉን በጨርቅ ሸፍኖ መጣ፤ ዘንድሮ ያገኘነው ሰላም ይኸው ብቻ ነው።

ደብዳቤሽን ለፔሪያማሽ አነበብኩላት። የእኔንም ውሸት ነገርኳት። የዳጉሳ ገንፎዬን አስቀምጣልኝ ሄደች፤ ጨው የለውም። በማግስቱ ማለዳ ስነቃ በቤቱ የለችም። ወጥቼ ባይ ድጅኖዬን ተሸክማ ወደ ምሥራቁ ጥግ ትሄዳለች። በዚያ ጉልበቷ!

«ናላማል! ምን ልትሆኚ ነው?»

«ልፈልጥ።»

«አብደሻል?»

«ያበድክስ አንተ! ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ስትጠብቅ እኔን ጠይቀኸኛል? አንተ ብቻ ነህ የቀበርካት? የተሸከምኳት እኔ! ያጠባኋት እኔ!»

«ሰላሟን እንዳይነሧት ብዬ…»

«ሰላሟን? ልጄ ሰላም ትወድ ነበር? ጎማ ነበር የምትወድ! ጋሪው ዝም ሲል የምታለቅስ ልጅ፣ ጋሪው ሲንቀሳቀስ የምትስቅ ልጅ! አንተ ድንጋይ ትጠብቃለህ። ልጄ ድንጋይ አይደለችም።»

ማለዳ ማለዳ ደጃችን ላይ የምትሥልበትን የሩዝ ዱቄት በሻርፗ ቋጥራ ይዛ ነበር። ጎንበስ ብላ በኒሙ ዙሪያ ክብ ሣለች፤ ስድስት እርምጃ በስድስት እርምጃ፣ እንደ ደጃችን አበባ አበባ አድርጋ። «ከዚህ ውስጥ የእሷ ነው። ከዚህ ውጭ ደግሞ ከሰጠች የእሷ ስጦታ ነው» አለችኝ። ጉንዳኖች ወዲያው መጥተው ዱቄቱን መልቀም ጀመሩ። ዱቄቱ ጉንዳን እንዲበላውም ነውና ደስ አላት።

ፈንጂ አላስገባሁም። ሰው አልቀጠርኩም። በመዶሻና በመሮ፣ በቀን ጥቂት ጥቂት፣ እኔው ፈለጥኩት። ከሥር ሲወጣ እንደ ጨው ያበራል። መጀመሪያ ቀን እጄን በጣኝ፤ ትክክለኛው እሱ ነው። የኒሙ ሥር ግን ወደ ውጭ ሄዶ ኖሮ ጥቂቱን ቆርጫለሁ። በአንድ ወገኑ ቅጠሉን አራግፏል። አላውቅም፣ ይድን ይሆናል።

አልጠየቅሽኝም። ስላልጠየቅሽኝ ነው የምልከው። ወደ ናንተ ጭነት የያዘ የጎረቤት ሎሪ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ያደርስልሻል። ሾፌሩ ይቀልዳል፣ አትቀየሚው፤ ግን የዘንባባ ስኳሩን ከነከረጢቱ ተቀበዪው፣ መንገድ ላይ ይቆረጥመዋል።

ፔሪያፓሽ ሴንጎዳን


ቤንጋሉሩ፣ ኦገስት 26 ቀን 2023

ለውድ ፔሪያፓዬና ለውድ ፔሪያማዬ፤

ፒላያር መንገዱን ጠረገልን! አርፏል። ይህንንማ አገር ሁሉ አይቷል፤ እኔ የምጽፍላችሁ አገር ያላየውን ነው።

ጋሪዋ ከመንኮራኩሩ ሆድ በተዘረጋችው መወጣጫ ስትወርድ ጫፉ ላይ ቆም አለች። ትእዛዝ እየጠበቀች ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ሳላስበው ሁለት እጄን ዘርግቼ ነበር። ጎኔ ያለው ሰው አየኝና እሱም ዘረጋ። ከዚያ ወረደች። ጎማዎቿ አፈሩን ነከሱት፤ አልሰመጠችም፣ አልተንሸራተተችም። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ጥቁር አዳራሽ ውስጥ ጣት የሚበጣው አፈራችሁ ላይ ስትወድቅ ስትነሣ ነው የከረመችው። ጎማዋን ሦስት ጊዜ ቀይረንላታል። አሁን ስታየው አወቀችው።

አካሄዷን ብታዩ! በደቂቃ አንድ ክንድ ከስንዝር ብትሄድ ነው። ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ዙሪያዋን ታያለች፣ ደግሞ ትሄዳለች። ከኋላዋ ዱካዋ ይቀራል። ነፋስ የለም፣ ዝናብ የለም፤ ማንም አያጠፋውም። እኔ ከሞትኩ በኋላም ይኖራል። የዱካዋን ፎቶግራፍ አትሜ ልኬላችኋለሁ።

አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። እዚያ ቀኑ የእኛን አሥራ አራት ቀን ያህል ነው። ከዚያ ፀሐይ ትጠልቅና ብርዱ ይመጣል፤ ጋሪዋም ትተኛለች። ምናልባት አትነቃም። አስቀድሜ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ልጃችሁ ሜካላ


ቬላይፓራይ፣ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2023

ለዓይኔ ለሜካላ፤

ፒላያር ይቅደምልን። አሥራ ስድስቱም በረከት ይግባልሽ፤ አሥራ ሰባተኛ ካለም ይጨመርልሽ። እኛ ደህና ነን። ኒሙ በአንድ ወገን ደርቆ ቀርቷል፤ በሌላው ወገን ግን ቆሟል። ጥላው ግማሽ ነው። ለሁለት ሽማግሌ ይበቃል።

ባረፈ ዕለት የትምህርት ቤቱ ግቢ ሞልቶ ነበር። ሰው ሲጨፍር እኔ አልሰማሁም፤ አፋቸውን ብቻ አያለሁ። ቀና ስል ጨረቃ ግማሽ ሆና ከዘንባባው በላይ አለች። የእኛ ነገር እዚያ ነው ብዬ ቆሜ ቀረሁ።

ፎቶግራፍሽ ትናንት ደረሰ። ራካፓን ፖስታውን አልሰጠኝም፤ ለናላማል በእጇ ሰጣት። እሷ ማንበብ አትችልም፤ ይህን ግን አነበበችው። ብዙ ጊዜ ጣቷን ዱካው ላይ ከታች ወደ ላይ ስታስኬድ ቆየች። ከዚያ ተነሥታ ሩዝ ነከረች።

ገባኝ። ኮኮናቱን ፈቀፈቅሁላት።

ዛሬ ጠዋት ድቡልቡሉን በእንፋሎት አበሰለችው፤ ውስጡ ኮኮናትና የዘንባባ ስኳር ነው። መጀመሪያ ከደጃችን እስከ ኒሙ ድረስ በየእርምጃው አንድ አንድ እያስቀመጠች ሄደች። የሕፃን እርምጃ ነው የለካችው። ጉልበቷን ይዛ፣ ጎንበስ ቀና እያለች፣ አርባ አንድ ዓመት ያቆየችውን እርምጃ ለካችው። እኔ ከኋላዋ ሰሃኑን ተሸክሜ አለቀስኩ፤ አላፍርም። የተረፈውን በየቤቱ አደልን። ስድስቱን ላንቺ ለብቻ አስቀምጬ በሎሪው ልኬልሻለሁ፤ ቶሎ ብዪው፣ እንዳይሻግት።

ትተኛለች ያልሽው አላስከፋንም። ሄዶ መተኛት ሌላ ነው።

ራካፓን ድቡልቡሉን ሲቀበል መዳፉን ዘርግቶ ቆመ። «ናላማል፣ ይህ እኮ ልጅ ሲራመድ የሚታደል ነው። በዚህ ቤት ሕፃን የለ፤ የማን እግር ነው?» አላት።

ሁለት አስቀመጠችለት።

«የፓቫይ» አለችው። «ትንሽ ዘገየች እንጂ ሄደች።»

ፔሪያፓሽ፣ የፓቫይ አባት፣
ሴንጎዳን